ወደ ተረቱ ጫካ በሓድጉ መኪና

አበባይሽ ስለዚያ ቦታ መጀመሪያ የሰማችው ከልጇ ከየትነበርሽ ነው። የትነበርሽ ካርቱም ተወልዳ፣ በእቅፍ ሆላንድ ገብታ፣ ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ፎቆች መካከል ያደገች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ የመስከረም ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባችና በቀለም ያሸበረቀ እጥፋት ወረቀት ከተከተፈው ሽንኩርት አጠገብ ዘረጋችው።

«ማማ፣ ለኸርፍስትቫካንሲ እዚህ እንሂድ» አለች። ቅጠሉ ሲረግፍ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበትን የጥቅምት ዕረፍት ማለቷ ነው።

አበባይሽ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ጎንበስ ብላ አየች። እንጉዳይ የሚመስል ቤት አለ። ጢሙ እስከ ጉልበቱ የወረደ የድንጋይ ንጉሥ አለ። ሰማይ ላይ እንደ እባብ ተጠማዝዞ የቆመ ሐዲድ አለ፤ ሐዲዱ ላይ ሰዎች ቁልቁል ተዘቅዝቀው አፋቸውን ከፍተዋል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ ዛፎች ሥር የተደረደሩ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ነበሩ፤ ከአንደኛው ደጃፍ ላይ አንድ ቤተሰብ ቆሞ ይስቃል።

«እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?»

«ደስ ብሏቸው ነዋ!»

«ተዘቅዝቀው?»

«አዎ! ማማ፣ ሁሉም ልጅ ሄዷል። እኔ ብቻ ነኝ ያልሄድኩት።»

አበባይሽ «እናያለን» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ነገር ግን ልጅቷ ከወጣች በኋላ ወረቀቱን እንደገና አነሣችው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለምን ይዘቀዘቃል? ያ ንጉሥ ምን ቢያደርግ ነው ድንጋይ የሆነው? የራሱ ቤት ያለው ሰው ጫካ ውስጥ ሰው ቤት ሄዶ የሚያድረውስ ለምንድን ነው? በማግስቱ ዴን ሃግ ውስጥ የምታጸዳው መሥሪያ ቤት ስትሄድ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ባቡር ላይ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ገልጣ ታነበው ጀመር። ያልገባትን ቃል ኮሪ የምትባለውን የሥራ ባልደረባዋን ትጠይቃለች። ኮሪ በልጅነቷ ሄዳ ነበርና መጥረጊያዋን ተደግፋ አጫወተቻት፤ ጫካው ውስጥ በየዛፉ ሥር አንድ አንድ ተረት እንዳለ፣ ቁልፍ ሲጫኑ ድምፅ ወጥቶ ተረቱን እንደሚተርክ፣ ድንጋዩ ንጉሥ ደግሞ አልፎ አልፎ ዓይኑን እንደሚገልጥ።

«መቼ ነው የሚገልጠው?» አለች አበባይሽ።

ኮሪ ትከሻዋን ሰበቀች። «ሳታስቢው።»

ይህ ነገር አበባይሽን ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቃት አለ።

ባሏ ግርማ ዛንዳም ውስጥ ካካዎ የሚፈጭበት ፋብሪካ ይሠራል። ማታ ሲገባ የቸኮሌት ሽታ ቀድሞት በር ያንኳኳል ማለት ይቻላል። ነገሩን ስትነግረው እንቢ አላለም፤ ግርማ እንቢ የሚል ሰው አይደለም፤ ዝም ብሎ እንቅፋቱን አንድ በአንድ የሚያወጣ ሰው ነው።

«እሺ፣ እንሂድ። ፈረቃዬንም እቀይራለሁ። እማዬንስ?» አለ።

እማማ ጥሩአየሁ የግርማ እናት ናቸው። ከደሴ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃ ሲወርዱ በየእርከኑ ቆም እያሉ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ደግሞ ባቡር ይዞ፣ ከባቡር ባቡር ቀይሮ፣ ከዚያ አውቶቡስ ጠብቆ ነው።

«እኔን አትቁጠሩኝ» አሉ እማማ ከተቀመጡበት። «በሩን ቆልፌ፣ ዳዊቴን ይዤ እቀመጣለሁ። እናንተ ሄዳችሁ ተዘቅዘቁ።»

ነገሩ በዚሁ ሊቀር ነበር። አበባይሽ በነጋታው ወደ ሳሎን ገባ ስትል ግን እማማ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ያንን ወረቀት ብርሃን ላይ ይዘው ሲመረምሩ አየቻቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ነው የያዙት። የተዘቀዘቁትን ሰዎች ለማቃናት።

«እማማ?»

ደንግጠው ወረቀቱን ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡት። ቆይተው ግን ራሳቸው ሳቁ። «ፊታቸውን ለማየት ብዬ ነው» አሉ። «በስንት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅ። ደግሞ ይሄ ባለ ጢሙ ማነው? ጣዖት ነው ወይስ ሰው?»

አበባይሽ ያን ጊዜ ቆረጠች። አንድም ሰው ሳይቀር ነው የሚሄዱት። የቀረው እንዴት የሚለው ብቻ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ያላት መልስ አንድ ሰው ነው፤ ምድር ቤት የሚኖረው ሓድጉ።

ሓድጉ ኤርትራዊ ነው። በሩ ላይ ከተጻፈው ስሙ ሌላ ስለ እሱ የሚያውቁት ነገር ጥቂት ነበር። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ብቸኛ ሰው ነው። ሮተርዳም ወደብ ይሠራል፤ የሥራ ጓደኞቹን የሚያመላልስበት አሮጌ ፎልክስዋገን ሚኒባስ አለው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ በሆላንድኛ «ዳግ» ብሎ ያልፋል። እማማ ጥሩአየሁ ግን እንደ ሌላው «ዳግ» ብለው አይለቁትም፤ ባገኙት ቁጥር «እንደምን ዋልክ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ብርዱ አልበረታብህም?» ይሉታል። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ «ዳግ፣ ሜቭራው»፣ እንደምን ዋሉ እመቤት፣ ብሎ በሩን ይዘጋል።

ግርማ «ፖለቲካ ነው» ይል ነበር። «እዚያ ጦርነት ላይ ነን፤ እዚህ ሊያነጋግረን ትፈልጊያለሽ?»

አበባይሽ ግን ይህ ብቻ አይመስላትም ነበር። ምክንያቱም አንድ ቀን ያየችው ነገር አለ። እማማ ከገበያ ሲመለሱ የሽንኩርቱ ከረጢት ደረጃው ላይ ተቀደደባቸው። ሽንኩርቱ እየነጠረ ቁልቁል ሲንከባለል እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና፣ «ሂዱ እንግዲህ! ከእኔ ቀድማችሁ አገር ልትገቡ ነው?» ብለው ጮኹበት። ሓድጉ ከታች በሩን ሲከፍት ነበር። ሳቀ። ሳቁ ገና ከአፉ ሳይወጣ ወደ ሳል ለወጠው፤ ሽንኩርቱን ለቃቅሞ ሰጥቶ ገባ። አበባይሽ ግን አይታዋለች። ያልገባው ሰው እንዲህ አይስቅም። አማርኛ ከሰማ፣ ሰምቶም ከሳቀ፣ ለምን አይናገረውም?

ቅዳሜ ጠዋት ወርዳ አንኳኳች። ሓድጉ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ሳሙና በእጁ እንደያዘ ከፈተላት። እሷም በሆላንድኛ ነገረችው፤ ስለ ልጇ፣ ስለ አማቷ ጉልበት፣ ስለ ጫካው። ነዳጁን እንደሚችሉ፣ አድርሷቸው ቢመለስና በማግስቱ መጥቶ ቢወስዳቸው እንደሚበቃ አስረዳችው። ወረቀቱንም አሳየችው። እሱ ወረቀቱን ካሰበችው በላይ ለረጅም ጊዜ አየው።

«እሺ» አለ በሆላንድኛ። «ቅዳሜ ከሆነ ይሆናል። ሮተርዳም ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ጋ አድሬ እሑድ እመጣለሁ። አንድ ነገር ግን አለ።»

«ምን?»

«በመኪናዬ ውስጥ ሆላንድኛ ብቻ ነው የሚነገረው።»

አበባይሽ የሰማችው ትክክል መሆኑን ተጠራጠረች። «አማቴ እኮ ሆላንድኛ አይችሉም።»

«አውቃለሁ» አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ያፈረ ሰው ይመስል ነበር። «ይቅርታ፣ ሜቭራው። ከቻላችሁ እንዲህ ነው።»

ማታ ስትነግረው ግርማ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጣለው። «አላልኩሽም? ቋንቋችንን ተጸይፎ ነው! እናቴን አፏን አፍኜ ነው መናፈሻ የምወስዳት? በባቡር እንሄዳለን፤ ካስፈለገም ተሸክሜያት እሄዳለሁ።»

«እናንተ ደግሞ!» አሉ እማማ። «ቤቱ ሲገባ ጫማ አውልቁ የሚል ሰው አታውቁም? ይሄም መኪናው ነው፤ ደንብ አለው። ሆላንድኛ ብቻ ካለ ሆላንድኛ እናገራለኋ። የትነበርሽ! ነይ እዚህ። እስከዚያ ቀን ድረስ መምህሬ ነሽ።»

ጉዞው እንዲህ ትምህርት ሆነ። የትነበርሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷ አስተማሪ ትሆናለች፤ የእንጨት ማማሰያ ይዛ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን የቃላት ወረቀት እየመታች ታስጠናለች። መንገድ ላይ ይታያል ያለችውን ሁሉ መረጠች።

«ዛፍ ቦም ነው። በይ፣ ቦም።»

«ቦምብ?»

«ቦም! ብ የለውም።»

«አይ የሰው ነገር፣ ዛፉን በቦምብ ይጠሩታል። እሺ፣ ቦም። ላምስ?»

«ኩ።»

እማማ ሳቅ አፈናቸው። «ላሟን ዶሮ አደረጓት እኮ! ኩ... ኩኩሉ ብትል ምን ሊሏት ነው?»

አበባይሽ ምድጃው ላይ ሆና ታዳምጣለች። እማማ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አልሰማችም። ቤቱ በሙሉ ወደዚያ ጉዞ ያዘነበለ መሰለ። ግርማ እንኳ ማኩረፉን ሳያቆም ከፋብሪካው የአገሪቱን ካርታ ተውሶ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መንገዱን በእርሳስ ያሰምር ጀመር፤ በዩትሬክት አልፎ ታላላቆቹን ወንዞች ተሻግሮ ወደ ደቡብ። እማማ ጣታቸውን ወንዞቹ ላይ አድርገው «ይሄ ከየት ይመጣል? ወዴት ይገባል?» ይጠይቃሉ። ግርማም አያውቀው፤ ነገ ጠይቆ ይመጣል።

የስንቁም ነገር ነበረ። ጊዜው ጾመ ጽጌ ነው፤ እማማ ደግሞ ጽጌን አያስታጉሉም። «እኔን ብላችሁ አትጨነቁ» ቢሉም አበባይሽ ድፎ ዳቦ ደፋች፣ ምስር ወጥ በትንሽ ድስት አሰናዳች፣ ቆሎ ቆላች። የእንጨቱ ቤት ውስጥ ምድጃ ይኑር አይኑር ለማወቅ ከሥራ ቦታዋ ስልክ ደውላ ጠየቀች። አለ ተባለች። ድስትስ? አለ። ማንኪያስ? ሁሉም አለ። ሰው ድስቱንና ማንኪያውን ለማያውቀው እንግዳ አስቀምጦ የሚሄድበት ምን ዓይነት ጫካ ነው እያለች ስልኩን ዘጋችው።

ሓድጉን በእነዚያ ሳምንታት ደረጃ ላይ ስታገኘው ልትጠይቀው እየቃጣት ትተወዋለች። አንድ ጊዜ ግን አላስቻላትም። «ለምንድን ነው?» አለችው በሆላንድኛ። ስለ ምን እንደሆነ መንገር አላስፈለጋትም።

ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። «አማትሽ እየተማሩ ነው አይደል? ድምፃቸው እስከ እኔ ቤት ይሰማል» አለ። ፈገግ ሊል ብሎ ተወውና ገባ።

ቅዳሜው ደረሰ። ጭጋጉ ፎቆቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ሓድጉ ሚኒባሱን አሙቆ፣ ወንበሩን ጠራርጎ፣ ለእማማ መረገጫ የምትሆን የእንጨት ሣጥን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። እማማን ክንዳቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ግርማ ከፊት ከጎኑ ተቀመጠ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ከንፈሩን ገጠመ። ሌሎቹ ከኋላ ናቸው።

ከከተማው እንደወጡ ጭጋጉ ሳሳ አለና መስኩ ብቅ አለ። እማማ ወዲያው ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ ተከሉ።

«ኩ!» አሉ ጮክ ብለው።

«ያ፣ ሜቭራው» አለ ሓድጉ በመስተዋት እያያቸው፤ አዎ ማለቱ ነው።

«ኩ። ኩ። ኩ። ቦም። ሞይ ቦም!» ቆንጆ ዛፍ ማለታቸው ነው።

«ሄል ሞይ» አለ እሱ፤ እጅግ ቆንጆ።

ግርማ ሳይወድ ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እማማ ዝናቡንም፣ ድልድዩንም፣ ወንዙንም ጠሩ። እነሆ ግን የተማሩት ቃል መንገዱ ሳያልቅ አለቀባቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍቱና እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። በኋላ ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪናው ጸጥ አለ። አበባይሽ ያንን ጸጥታ አልወደደችውም። ይህን ሁሉ አቅዳ አማቷን ዲዳ አድርጋ እንደምትወስድ ቆጠረችው።

የትነበርሽ ከሩቅ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለ የሐዲድ ጫፍ አየች። ደንቡ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ኦማ! ተነሺ! አንቺ ለምን ትተኛለሽ? እዪ እንጂ! ዓይንሽን ክፈቺ!» አለች በአማርኛ፣ የአያቷን ትከሻ እየነቀነቀች።

«‹ይነሡ› ነው የሚባለው!»

ከፊት የመጣ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚናገረው ዓይነት የጠራ አማርኛ።

«‹አንቺ› ይባላል እንዴ? አያትሽ አይደሉም? ‹እርስዎ›! ‹ዓይንዎን ይክፈቱ›! ለአስተማሪሽ በሆላንድኛ ‹ኡ›፣ እርስዎ፣ ትዪ የለም? ለሆላንዷ ያወቅሽበትን አክብሮት ለአያትሽ ምነው ነፈግሽ?»

ግርማ አንገቱን አዙሮ እንደ አዲስ ሰው አየው። የትነበርሽ አፏን ከፍታ ቀረች። የሓድጉ ጆሮ በርበሬ መስሎ ቀላ፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ትንሽ ሄዶ ወደ ነዳጅ ማደያ ታጠፈና መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከማደያው ጥግ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

አበባይሽ በሩን ልትከፍት ስትል እማማ እጇን ያዙ። «አንቺ ተቀመጪ» አሉ። ራሳቸው ሣጥኑን ረግጠው ቀስ ብለው ወረዱ፤ እያነከሱም ወደ እሱ ሄዱ።

አበባይሽ በትንፋሽ የደበዘዘውን መስተዋት በመዳፏ ጠርጋ አየች። የሚሉት አይሰማም። መጀመሪያ እማማ ብቻ ነበሩ የሚናገሩት። ከዚያ እሱ። ሲናገር መሬት መሬት ያያል። እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጫፉን ይዘው ቆሙ፤ እንዲህ የሚያደርጉት ለቅሶ ቤት ሲገቡ ነው። ግርማም አይቷል። «ምን እያላት ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት። እሷም ያንኑ ነበር ለማወቅ የምትሞተው፤ ጆሮዋን ግን ወደ መስኮቱ አላስጠጋችም።

ሲመለሱ እማማ «እንሂድ» ብቻ አሉ። ሓድጉ ሞተሩን አስነሣ። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ በአማርኛ ጀመረ።

«ባለቤቴ የጎጃም ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ስሠራ ነው የተጋባነው። ትግርኛ ላስተምርሽ ስላት እሺ እያለች አንድም ቀን አልተማረችም። በአማርኛ ነው የኖርነው። ስንጣላም፣ ስንታረቅም። ጊዜው ሲከፋ አብራኝ ወጣች። ‹አንቺን ማንም አይነካሽም፤ ቅሪ› ብላት አልቀርም አለች። መተማ ስንደርስ ወባ ያዛት። ሱዳንን አላየችም።»

ማርሹን ቀየረ።

«ከዚያ ወዲህ ይሄን ቋንቋ ስናገር የምሰማው የእሷን ድምፅ ነው። እንዲህ በል፣ እንዲያ በል ስትለኝ። እናም ተውኩት። የእናንተ አይደለም ጥፋቱ። እማማ ደረጃው ላይ ‹ብርዱ አልበረታብህም?› ባሉኝ ቁጥር በሩን ዘግቼ ቆሜ እቀራለሁ።»

ግርማ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ... ሌላ ነገር ነበር የመሰለኝ» አለ።

«ሌላውም አለ» አለ ሓድጉ። «አልዋሽህም። ወንድሜ እዚያ ጦር ግንባር ነው፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። እሱን ሳስብ ሌላ ሰው ነኝ። ግን ይሄ ያ አይደለም።»

ግርማ ራሱን ነቀነቀ። በእርሳስ ያሰመረበትን ካርታ ከኪሱ አውጥቶ፣ «ቀጥሎ ወደ ቀኝ ነው» አለ። ሓድጉም መንገዱን ከእሱ ይልቅ እያወቀው፣ «እሺ፣ አሳየኝ» አለው።

መናፈሻው በር ሲደርሱ ሓድጉ ዕቃቸውን ወደ እንጨቱ ቤት አስገባላቸውና ሊሰናበት ቆመ። እማማ ቤቱን እየዞሩ ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ፣ የቧንቧውን ውሃ ሲሞክሩ፣ ምንጣፉን ሲዳብሱ ቆዩና ዞር አሉ። «ወዴት ነህ?» አሉት። «ያ ድንጋዩ ንጉሥ ምን እንደሚል ማን ሊነግረኝ ነው? የልጅቷ አማርኛ እንደሆነ ሰምተኸዋል።»

«እኔ እኮ ሮተርዳም...»

«ጓደኛህ ከሮተርዳም አይጠፋም። ያ ንጉሥ ግን ማታ ይዘጋበታል።»

ሄደ አብሯቸው። ጫካው ውስጥ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ መንገዱን ሸፍኖታል። ንጉሡ ከወረቀቱ ላይ ካለው በብዙ ይበልጣል፤ ጢሙ ላይ እውነተኛ ሽበት የሚመስል ነጣ ያለ የድንጋይ ላይ ሣር በቅሎበታል። የትነበርሽ ቁልፉን ተጫነች። ከድንጋዩ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ሓድጉ ወደ እማማ ጎንበስ ብሎ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያስተረጉም ጀመር፤ ንጉሡ ማንንም ላለማመን መሐላ እንደገባ፣ ባላመነ ቁጥር አንድ አካሉ ወደ ድንጋይ እንደተለወጠ፣ አሁን የቀሩት ዓይኖቹ ብቻ እንደሆኑ። መጀመሪያ ቃል እየፈለገ ይቆም ነበር። በኋላ አፉ ተፈታ፤ የንጉሡን ድምፅ እያወፈረ፣ የሎሌዎቹን እያቀጠነ ይተርክ ጀመር። አጠገባቸው የቆሙ ሆላንዶች እንኳ ዞር ብለው አዩት።

«እና ሚስት አልነበረችውም?» አሉ እማማ።

«ተረቱ ላይ የለችም።»

«እንዴት ያለ ተረት ነው? ሚስት ቢኖረው እንዲህ አይሆንም ነበር። ድገምልኝ እስቲ።»

አበባይሽ ግን የንጉሡን ዓይን ነበር የምትጠብቀው። ቆማ ጠበቀች። ሌሎቹ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሲያልፉም ቆየች። ብርድ እጇን እስኪያደነዝዛት ቆይታ፣ ተስፋ ቆርጣ ልትሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ የድንጋዩ ሽፋሽፍት ቀስ ብሎ ተነሣ። ሰማያዊ ነበር ዓይኑ። አንድ ጊዜ አያትና ተከደነ። ማንም አብሯት አልነበረም። እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ብቻዋን እንደ ሕፃን ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ የትነበርሽ አባቷንና ሓድጉን እየጎተተች ወደ ጠመዝማዛው ሐዲድ ወሰደቻቸው። እሷ ቁመቷ አልደረሰምና ሠራተኛው ከለከላት። ሁለቱ ወንዶች ግን ተሰልፈው ስለነበር ለመመለስ አፈሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ላይ ተጎተቱ። እማማና አበባይሽ ከታች ሆነው ሲያዩ ባቡሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆመና ተወረወረ። ሲወርዱ ግርማ የሓድጉን ክንድ በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር፤ ያስተዋለውም አይመስልም።

«ምን አያችሁ?» አሉ እማማ፣ ቸኩለው።

«እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለ ግርማ፣ ከንፈሩ ነጥቶ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ ሓድጉ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «አገሩ በሙሉ ከእግሬ ሥር ወደ ላይ ዞረ። ጫካው ሰማይ ሆነ።»

እማማ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እኔም ከፍ ብዬ ማየት አለብኝ» አሉ። «መዘቅዘቁ ይቅርብኝ።»

ለእሱም መላ ነበረው። ከአንድ ሐይቅ ዳር ሰውን አሳፍሮ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚነሣ፣ ዙሪያውን መስተዋት የሆነ ክብ ሰገነት አለ። አምስቱም ገቡ። ሰገነቱ ሲነሣ እማማ የአበባይሽን እጅ ያዙ፤ ከዛፎቹ በላይ ሲወጡ ግን ለቀቋትና ወደ መስተዋቱ ተጠጉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ጫካው እንደ እሳት ይነዳል፤ ከጫካው ባሻገር ምድሩ ያለ አንድ ተራራ ተዘርግቷል።

«ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አሉ እማማ።

ሓድጉ ወደ ምዕራብ አመለከታቸው። «እዚያ፣ ጭጋጉ ውስጥ። ወደቡም እዚያው ነው። እኔ የምሠራበት።»

«እኛስ? አገራችንስ?»

ወዴት እንደሚያመለክት ትንሽ አሰበና ወደ ሌላኛው ወገን ዞሮ እጁን ዘረጋ። እማማ እጁን ተከትለው አዩ። እዚያም ጭጋግ ነው፤ ቢሆንም አዩ።

«ስሟን አልነገርከኝም» አሉት። «የባለቤትህን።»

የትነበርሽ ልትናገር ስትል አበባይሽ ጭንቅላቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

«ውድነሽ» አለ ሓድጉ። ከዚያም እንደገና፣ ለራሱ ያህል፣ «ውድነሽ ነበር ስሟ።»

«ነፍሷን ይማር።»

«አሜን» አለ።

ሰገነቱ እየተሽከረከረ መውረድ ሲጀምር አምስቱም ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከታች አንድ ሠራተኛ መብራቶቹን እያበራ ነበር። መሬት ነክተው በሩ ሲከፈት ሌላው ሰው ሁሉ ወጣ፤ እነሱ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ ቆዩ። በመጨረሻ ሠራተኛው አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲያያቸው ሓድጉ ተነሣ፤ ለእማማ ክንዱን ሰጣቸውና ሁሉም ወደ እንጨቱ ቤት፣ ምስሩን ሊያሞቁ ሄዱ።